አንድ ኔጋቲቭ፥ ብዙ ዘመን፤ ስለ ፎቶግራፍ ወጥነት የቀረበ ሂስ

ስለ ሥዕልና ስለ ቅርጻ ቅርጽ ስንነጋገር «ዋናው የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አያስቸግረንም። ሠዓሊው በእጁ የነካው ሸራ አንድ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእርሱ የተቀዳ ነው። ወደ ፎቶግራፍ ስንመጣ ግን ነገሩ ወዲያው ይወሳሰባል። ከአንድ ኔጋቲቭ ዐሥርም ሺህም ቅጅ ሊወጣ ይችላል። አንደኛው ቅጅ ፎቶግራፉ በተነሣበት ሳምንት፥ ሌላው ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሊታተም ይችላል። የሁለቱ ቅጅዎች ጥላና ብርሃን ቢለያይ፥ እንዲያውም በአንደኛው ላይ የሚታየው ደመና በሌላው ላይ ፈጽሞ ቢጠፋ፥ ወጥ ሥራ ብለን የምንጠራው የትኛውን ነው?

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ፎቶግራፍን እንደ ጥበብ ሥራ የሚመረምር ሐያሲም ሆነ እንደ ታሪክ ማስረጃ የሚጠቀምበት ተማሪ መልሱን ሳያውቅ ሥራውን በትክክል ሊሠራ አይችልም ብለን እናምናለን። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ አንድ የታወቀ ፎቶግራፍ በምሳሌነት ወስደን፥ በነገሩ ላይ የሚሰጡትን ሦስት ዐይነት አስተያየቶች መርምረን፥ በመጨረሻ የራሳችንን ፍርድ እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

አስቀድመን ችግሩ ከየት እንደ መጣ እንመልከት። ፎቶግራፍ ለዓለም በተገለጠበት በ1839 ዓ.ም. ሁለት የተለያዩ ዘዴዎች ጎን ለጎን ታይተው ነበር። የፈረንሳዊው የዳጌር ዘዴ ምስሉን በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ የሚያሳርፍ ነበር፤ ሰሌዳው ራሱ ፎቶግራፉ ስለ ሆነ ከአንድ በላይ አይገኝም። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ግን በወረቀት ላይ ይሠራ ነበር፤ በ1841 ዓ.ም. ባሻሻለው ዘዴው አማካይነት በመጀመሪያ ብርሃኑ ጥላ፥ ጥላው ብርሃን ሆኖ የተገለበጠ ምስል ይገኛል፤ ከዚያም እየደጋገሙ ቀና የሆነውን ምስል በሌላ ወረቀት ላይ ማውጣት ይቻላል። የኋላው ዘመን ፎቶግራፍ የተከተለው የታልቦትን መንገድ ነው። እንግዲህ በአንዱ ዘዴ ዋናውና ቅጅው አንድ ነበሩ፤ በሌላው ዘዴ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተለያዩ።

ጊዜም ቢሆን ከመጀመሪያው ጀምሮ በፎቶግራፍ ውስጥ እጁን አስገብቷል። ዳጌር በ1838 ዓ.ም. የፓሪስን የቡልቫር ዱ ታምፕል ጎዳና ከፍ ካለ መስኮት ላይ ሆኖ ያነሣው ምስል የታወቀ ነው። ሰሌዳው ብርሃን የሚቀበለው በደቂቃ በሚቈጠር ጊዜ ስለ ነበረ፥ በጎዳናው የሚተላለፉት ሰረገላዎችና መንገደኞች ሁሉ ምንም ምልክት ሳይተዉ አልፈዋል። የቀረው ጫማውን ለማስጠረግ እግሩን አንሥቶ የቆመ አንድ ሰው ነው። ጎዳናው ባዶ ስለ ነበረ አይደለም ባዶ ሆኖ የሚታየው፤ ጊዜው ረዥም ስለ ነበረ ነው። የሰሌዳውም ዕድል የሚያስደንቅ ነው፤ ከዘመን ብዛትና በኋላ በደረሰበት ጉዳት ምስሉ ደብዝዞ፥ ዛሬ በየመጽሐፉ የምናየው አስቀድሞ ከሰሌዳው ላይ የተነሣው ቅጅ ነው። ብቸኛ የነበረው ዋና ጠፍቶ ቅጅው ኖረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ምሳሌያችን እንለፍ። አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ አንሴል አዳምስ በ1941 ዓ.ም. በመከር ወራት በኒው ሜክሲኮ ግዛት በአውቶሞቢል ወደ ሳንታ ፌ ከተማ ይመለስ ነበር። ሄርናንዴዝ በምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ ሲደርስ፥ ጨረቃ ከተራሮቹ በላይ ወጥታ፥ የምትጠልቀው ፀሐይ ደግሞ በመንደሪቱ መቃብር ላይ የቆሙትን ነጫጭ መስቀሎች በመጨረሻ ብርሃኗ ስታበራ አየ። አውቶሞቢሉን አቁሞ ትልቁን ካሜራውን በጥድፊያ ተከለ። የብርሃን መለኪያውን ቢፈልግ አጣው። ነገር ግን የጨረቃ ድምቀት በመለኪያ ስንት እንደ ሆነ በቃሉ ያውቅ ነበርና ከዚያ ተነሥቶ በአእምሮው አስልቶ፥ የሌንሱን ቀዳዳ በ32 ቍጥር አጥብቦ፥ ለአንድ ሰከንድ ያህል ፊልሙን ለብርሃን ገለጠው። ሁለተኛ ለማንሣት ፊልሙን ሲያዘጋጅ ብርሃኑ ከመስቀሎቹ ላይ ተነሣ። ስለዚህ የተገኘው ኔጋቲቭ አንድ ብቻ ነው። ፎቶግራፉም «የጨረቃ መውጣት፥ ሄርናንዴዝ፥ ኒው ሜክሲኮ» በሚል ስም ታትሞ ለሕዝብ ታየ።

ስለዚህ ፎቶግራፍ የሚነገሩ ሁለት ታሪኮች ለጥያቄያችን ይጠቅማሉ። አንደኛው የቀኑ ታሪክ ነው። አዳምስ የሰከንዱንና የሌንሱን ቍጥር ሲያስታውስ ቀኑን ግን በማስታወሻው ስላልያዘ፥ ፎቶግራፉ በተለያዩ ጊዜያት ከ1940 እስከ 1944 ባሉት ዓመታት እየተፈራረቀ ይጠራ ነበር። የፎቶግራፍ ታሪክ ጸሐፊው ቦመንት ኒውሆል ነገሩን ለማወቅ ፈልጎ የከዋክብት ጥናት ባለሙያ የሆነውን ዴቪድ ኤልሞርን ጠየቀ። ኤልሞርም ከጨረቃዋ አቀማመጥ ተነሥቶ ቀኑ ኦክቶበር 31 ቀን 1941 ነው አለ። በኋላ ዴኒስ ዲ ቺኮ የተባለ ሌላ የከዋክብት ተመልካች ወደ ስፍራው ሄዶ ካሜራው የቆመበትን ቦታ በጥንቃቄ ከመረመረ በኋላ፥ ትክክለኛው ጊዜ ኖቬምበር 1 ቀን 1941፥ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ መሆኑን በ1991 ዓ.ም. አስታወቀ። አንሺው የረሳውን ሰዓት ጨረቃዋ መሰከረችበት።

ሁለተኛው የቅጅዎቹ ታሪክ ነው። ኔጋቲቩ ለማተም እጅግ አስቸጋሪ ነበር፤ የታችኛው ክፍል፥ ማለት መንደሩና መቃብሩ ያሉበት፥ በጣም ሳስቶ ነበር። በ1948 ዓ.ም. አዳምስ ይህን ክፍል በመድኀኒት ነክሮ አጠነከረው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ፥ በጨለማ ክፍሉ ውስጥ የወረቀቱን አንዱን ክፍል በእጁ እየጋረደ ሌላውን ለብርሃን እየገለጠ፥ በልዩ ልዩ ዘመን ያወጣቸው ቅጅዎች ከ1300 በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። በመጀመሪያዎቹ ቅጅዎች ላይ ሰማዩ ግራጫ ነው፤ ከጨረቃዋ በላይ ስስ የደመና ጭረቶች ይታያሉ። ዓመታት ባለፉ ቍጥር ሰማዩ እየጠቈረ ሄደ። በኋለኞቹ ቅጅዎች ላይ ከላይ ያሉት ደመናዎች ጠፍተው፥ ጨረቃዋ በጥቍር ሰማይ ላይ ብቻዋን ተሰቅላ ትታያለች። ኔጋቲቩ ያው ነው፤ ሰውዬውም ያው ነው፤ የተለወጠው ዘመኑና የሰውዬው ፍላጎት ነው።

ከዚህ በመነሣት ወጥ ሥራው የቱ ነው ለሚለው ጥያቄ የሚሰጡትን ሦስት መልሶች እንመርምር።

የመጀመሪያው መልስ፥ ፎቶግራፉ በተነሣበት ጊዜ አካባቢ የታተመው ቅጅ ነው ዋናው የሚል ነው። የጨረታ ቤቶችና ሰብሳቢዎች ይህን አስተያየት ይወዱታል፤ ለቀደምት ቅጅዎችም ከፍ ያለ ዋጋ ይከፍላሉ። በ1948 ዓ.ም. የታተመ አንድ የዚህ ፎቶግራፍ ቅጅ በ2006 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ጨረታ በ609600 የአሜሪካ ዶላር ተሽጧል። አስተያየቱ አንድ እውነት አለው፤ ቀደም ያለው ቅጅ አንሺው በዚያ ዘመን ምን እንዳየ ይመሰክራል። ነገር ግን ቀዳሚነትንና ወጥነትን ያደባልቃል። የመጀመሪያው ቅጅ አንዳንድ ጊዜ ሙከራ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ የተሸጠው ቅጅ ራሱ ፎቶግራፉ ከተነሣ ሰባት ዓመት ቈይቶ የታተመ ነው። ቀዳሚነት ወጥነት ቢሆን ኖሮ ይህ ቅጅ ዋና ሊባል ባልቻለም ነበር።

ሁለተኛው መልስ፥ ወጥነቱ ያለው በቅጅ ላይ ሳይሆን ፎቶግራፉ በተነሣባት ቅጽበት ነው የሚል ነው። እንደዚህ የሚሉት ሰዎች ያቺ አንዲት ሰከንድ ዳግመኛ እንደማትመለስ ያመለክታሉ። ይህም እውነትነት አለው፤ መብራቱ ከመስቀሎቹ ላይ ከተነሣ በኋላ የትኛውም ጥበበኛ ሊመልሰው አይችልም። ሆኖም ቅጽበቲቱ ብቻዋን ፎቶግራፍ አይደለችም። ያንኑ መንደር በዚያው ሰዓት ያዩ ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱ ዘንድ ግን ሥራ አልተገኘም። ኔጋቲቩም ቢሆን በጨለማ ክፍል ውስጥ እስኪገለጥ ድረስ ለማንም ዐይን የማይበቃ ነገር ነው። እንግዲህ ቅጽበቲቱ ዘሩ ናት፤ ዘሩን ግን ማንም አዝመራ ብሎ አይጠራውም።

ሦስተኛው መልስ፥ በፎቶግራፍ ዘንድ ዋና የሚባል ነገር ጨርሶ የለም የሚል ነው። ጀርመናዊው ጸሐፊ ዋልተር ቤንያሚን በ1936 ዓ.ም. ባሳተመው ስለ ጥበብ ሥራና ስለ መባዛቱ በጻፈው ታዋቂ ድርሰት፥ ከአንድ ኔጋቲቭ ብዙ ቅጅ ስለሚወጣ «እውነተኛው ቅጅ የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ትርጕም እንደሌለው አስረድቷል። አሜሪካዊቱ ሸሪ ለቪን ደግሞ በ1981 ዓ.ም. ነገሩን እስከ ጫፉ አደረሰችው። ዎከር ኤቫንስ በ1936 ዓ.ም. በአላባማ ግዛት ድኾች ገበሬዎችን ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ከመጽሐፍ ላይ መልሳ አንሥታ በራሷ ስም ለትርኢት አቀረበች። የኤቫንስን ሥራ አስመስላ አልሠራችም፤ ሥራውን ራሱን አነሣች። ተመልካቹ በዐይኑ የሚያየው ልዩነት እምብዛም የለም። በሁለቱ መካከል ያለው ዋና ልዩነት አርባ አምስት ዓመት ነው።

ይህ ሦስተኛው መልስ ብልኅነት አለው፤ ለቪንም ያነሣችው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ድርጊቷ የምታስተምረን አስተያየቱ ከሚለው ተቃራኒውን ነው እንላለን። የ1936ቱ ፎቶግራፍ ፊት ለፊት የቆመች፥ ከንፈሯን የነከሰች አንዲት የገበሬ ሚስት ያያል። የ1981ዱ ፎቶግራፍ ግን የሚያየው ሴትዮዋን አይደለም፤ የታተመ ወረቀት ነው። አንዱ ስለ ድኽነት ይናገራል፤ ሌላው ስለ ሙዚየምና ስለ ባለቤትነት ይናገራል። በመልክ አንድ የሆኑ ሁለት ሥራዎች በትርጕም ይህን ያህል ከተራራቁ፥ ከየት እንደ መጡና መቼ እንደ ተሠሩ ማወቅ ከንቱ ጥያቄ አለመሆኑ ግልጽ ነው። ዋናውን የካደው አስተያየት ዋናውን ሳንጠቅስ ልንረዳው የማንችለውን ሥራ ወለደ።

እኛ የምንለው እንደሚከተለው ነው። አዳምስ በወጣትነቱ ፒያኖ የተማረ ሰው ነበርና ኔጋቲቩን ከሙዚቃ ድርሰት ጽሑፍ፥ ቅጅውን ደግሞ ድርሰቱን ከመጫወት ጋር ያመሳስል ነበር። ምሳሌው ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለም። በድጓው ላይ የሰፈረው ቃል አንድ ሆኖ ሳለ የቤተ ልሔሙ፥ የቆማውና የአጫብሩ አዜያዜም ይለያያል፤ አንዱ ሌላውን ግን ሐሰት አያሰኘውም። እንዲሁም የ1940ዎቹና የ1970ዎቹ ቅጅዎች ሁለቱም እውነተኞች ናቸው። ነገር ግን ምሳሌው እስከዚህ ድረስ ብቻ ይወስደናል። ዜማ ከተዜመ በኋላ በአየር ላይ ያልፋል፤ ቅጅ ግን ይቀራል፤ የታተመበትንም ዘመን በገላው ላይ ተሸክሞ ይኖራል። ስለዚህ በፎቶግራፍ ወጥነት አንድ ነገር ሳይሆን ሁለት ቀኖች የሚገናኙበት ነገር ነው፤ አንደኛው ብርሃኑ ፊልሙን የነካበት ቀን፥ ሁለተኛው አንሺው ያን ብርሃን በወረቀት ላይ እንዲህ ይሁን ብሎ የወሰነበት ቀን። ሁለቱን ቀኖች ያልጠቀሰ ሐያሲ ስለየትኛው ሥራ እንደሚናገር ገና አልነገረንም።

ይህን ካልን በኋላ መፍረድንም መሸሽ አይገባንም። ብዙ ሰው የሚያውቀውና የሚያደንቀው ጥቍር ሰማይ ያለውን የኋለኛውን ቅጅ ነው። ኀይሉንም አንክድም፤ ጨረቃዋ፥ የተራሮቹ በረዶና መስቀሎቹ ከጨለማው ውስጥ ተፈልቅቀው እንደ ወጡ ሆነው ይታያሉ። ነገር ግን ይህ ኀይል በዋጋ የተገዛ ነው። በቀደመው ቅጅ ላይ የምናየው የአንድ ቀን ምሽት ነው፤ ግራጫው ሰማይ ፀሐይ ገና እንዳልጠፋች ይናገራል፤ ሰዎች በቤቶቹ ውስጥ ራታቸውን የሚያሰናዱ ይመስላል። በኋለኛው ቅጅ ላይ ግን ሰዓቱ ጠፍቷል። መንደሩ መንደር መሆኑ ቀርቶ የዘላለም ምልክት ሆኗል። ከቀኑ 10 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ሆኖ ሳለ እኩለ ሌሊት የመሰለ ሰማይ፥ ከዋክብት አጥኚዎች በብዙ ድካም የመለሱልንን ሰዓት መልሶ ይሰውረዋል። ስለዚህ እንደ ሥዕል ቢታይ የኋለኛው ይበልጣል ብንል፥ እንደ ፎቶግራፍ ግን የቀደመው ይበልጣል እንላለን፤ ምክንያቱም ፎቶግራፍ ከሌሎች ጥበቦች ሁሉ ተለይቶ የተሰጠው ጸጋ «በዚህ ሰዓት እንዲህ ነበረ» ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንሺው ራሱ የፈለገው ጥቍሩን ሰማይ ነው፤ የቀደሙት ቅጅዎች ግራጫ የሆኑት ኔጋቲቩ ስላስቸገረው ነው፤ እንግዲህ የእናንተ ምርጫ የአንሺውን ጕድለት ማወደስ አይሆንም ወይ? የሚል። መልሳችን ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፥ አንሺው በሥራው ላይ ያለውን መብት አንነካም፤ ሰማዩን ሊያጠቍረው ይችላል፤ ሰማዩ ጥቍር የሆነበትን ዓመት ግን የ1941 ብቻ ብሎ መጥራት አይበቃም። ሁለተኛ፥ የደራሲ ፈቃድ የሐያሲን ፍርድ አይተካም። በሽምግልናው ዘመን የወጣትነት መጽሐፉን ያረመ ደራሲ ሁሉ መጽሐፉን አሻሽሎታል ለማለት እንደማንደፍር ሁሉ፥ በፎቶግራፍም እንዲሁ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ባለሙያው በእጁ ስለሚጨምረው ዘመን ነው። ማንም እጁን ሳያስገባ ፎቶግራፍ የሚለወጥበት ሌላ ዘመን ደግሞ አለ፤ ይኸውም የተመልካቹ ዘመን ነው። ለዚህ ከራሳችን ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር በተወሰደበት በ1868 ዓ.ም. ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው የታወቀች ፎቶግራፍ አንሺ አንሥታው ነበር። ያን ጊዜ ፎቶግራፉን ያየ እንግሊዛዊ ምናልባት ከሩቅ አገር የመጣ የንጉሥ ልጅ ብቻ አይቶ ይሆናል። እኛ ግን ሕፃኑ ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ፥ በ1879 ዓ.ም.፥ አገሩን ሳያይ በዚያው በእንግሊዝ አገር በ18 ዓመቱ እንደሚሞት እናውቃለን። ይህ ዕውቀት በወረቀቱ ላይ የለም፤ ነገር ግን ዛሬ ያን ፊት ስናይ ከዚህ ዕውቀት ልንለየው አንችልም። በምስሉ ላይ አንዲት ነጥብ እንኳ ሳትጨመር ትርጕሙ ተጨመረ።

ነገሩ ለእኛ ለተማሪዎች በቀጥታ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። የአገራችን ታሪክ የሚታይባቸው የቆዩ ፎቶግራፎች በ1963 ዓ.ም. በተቋቋመው በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፥ በውጭ አገር ቤተ መዘክሮችና በየቤተ ሰቡ ሣጥን ውስጥ ይገኛሉ። ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ለጥናት ስንጠቅስ የምንጽፈው ብዙውን ጊዜ የሰውዬውን ስምና ፎቶግራፉ ተነሣ የሚባልበትን ዓመት ብቻ ነው። ነገር ግን በእጃችን የያዝነው የዚያ ዘመን ቅጅ ነው ወይስ በኋላ ከቅጅ ላይ የተነሣ ቅጅ ነው? ጫፉ ተቈርጧል ወይስ አልተቈረጠም? በፎቶ ቤት ቀለም ተቀብቶ ይሆን? ከጐን የቆመ ሰው ተቈርጦ ወጥቶ እንደ ሆነ፥ ማን እንደ ነበረና ለምን እንደ ወጣ ራሱን የቻለ የታሪክ ጥያቄ ነው። ፎቶግራፍ በየስልኩ በቅጽበት በሚባዛበት በዛሬው ዘመን ደግሞ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ምስሉ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቍጥር መጀመሪያ የሚጠፋው ከጀርባው የተጻፈው ነውና።

ስለዚህ ከዚህ ምርመራ አንድ የሥራ ደንብ ቢወጣ እንወዳለን። ስለ ፎቶግራፍ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ሦስት ነገር ይግለጥ፤ መቼ እንደ ተነሣ፥ እርሱ ያየው ቅጅ መቼና በማን እጅ እንደ ወጣ፥ እንዲሁም እርሱ በምን ዘመንና በምን ዕውቀት ሆኖ እንዳየው። ከሦስቱ አንዱ የማይታወቅ እንደ ሆነ አለመታወቁ ይጻፍ። የሄርናንዴዝን ጨረቃ ለመቍጠር አምሳ ዓመት ፈጅቷል፤ ከፎቶግራፍ ጀርባ ቀን ለመጻፍ ግን የሚያስፈልገው አንድ እርሳስና ጥቂት ትዕግሥት ነው።